ዝናብ የማያስቆመው ክፍል

መምህር ዱጉማ ማረፋቸውን የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ሹፌሩ በልጅነቱ ያስተማሩት ኖሯል፤ ፊቱን ሳያዞር «ቲቸር፣ ኦቦ ዱጉማ እኮ ትናንት አረፉ፤ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለኝ። «እንዴ! ምነው?» አልኩት። «ስኳሩ ነው አሉ» ብሎ ወደ ትምህርት ቤቱ መንገድ ታጠፈ። እኔም ወርጄ እንደ ሌላው ቀን ገብቼ አስተማርኩ። እንባዬ የመጣው ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው፣ ያውም ልጆቹ ፊት፣ ያውም ሰሌዳ እያጠፋሁ። የጠመኔ ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ዋሸሁ።

አብሬያቸው የሠራሁት አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። ግን ክፍል ገብቼ አፌን በከፈትኩ ቁጥር እሳቸው አሉ። ከበጎነታቸው ይልቅ የኔ ጥፋት ነው እንዳልረሳቸው ያደረገኝ፤ እሱን ሳልሸሽግ ልናገር።

ያን ዓመት ከመምህራን ኮሌጅ ወጥቼ ዕጣዬ ሱሉልታ ሆነ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሱሉልታ ሩቅ አይደለም፤ እንጦጦን ተሻግሮ ቁልቁል መውረድ ነው። ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። የተከራየኋት ክፍል ፊት ለፊት የድርቆሽ ክምር፣ ከጀርባዋ የወተት ላሞች በረት ነበር። ልቤ ያለው የስድስት ወር የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ፣ ቋሚ ሆኜ፣ ዝውውር ጠይቄ መውጣቱ ላይ ነው። በስድስቱ ወር ውስጥ ርዕሰ መምህሩ «አትሆንም» ብሎ ከጻፈ ደግሞ ሻንጣዬን ይዤ እናቴ ቤት መግባቴ ነው። እናቴ «ልጄ መምህርት ሆነች» ብላ ሰፈሩን አዳርሳ ጨርሳለች። መሄዱም መቅረቱም በሰው እጅ ሲሆን እንዴት እንደሚያንቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ለአዲስ መምህር የሚሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ማየት ነው። የአንጋፋዎቹ ክፍል እየገቡ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ የክፍል ምልከታ የሚባለውን ቅጽ መሙላት፤ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ ሊሻሻል የሚገባው። «ደካማ ጎን» የሚለው ቦታ ሁልጊዜ ባዶውን ይቀራል። ነገ አብሮሽ ሻይ የሚጠጣን ሰው ማን ደካማ ብሎ ይጽፈዋል? ብዙ ክፍል አየሁ። አለንጋዋን ጠረጴዛ ላይ አጋድማ፣ ሳትነካው ክፍሉን ጸጥ የምታሰኝ አየሁ። ሰሌዳውን ሞልቶ «ገልብጡ» ካለ በኋላ መስኮቱ ሥር ስልኩን የሚነካካም አየሁ። ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ሰርቄ የራሴ ሦስተኛ ክፍል ስገባ፣ ሰባ ልጅ ባንድ አፍ ሲንጫጫ የሰረቅኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ስጮህ ውዬ ድምፄ ተዘግቶ ቤቴ እገባ ነበር።

አማካሪ ሆነው የተመደቡልኝ መምህር ዱጉማ ናቸው። አማካሪ ማለት አዲሱን መምህር ዓመቱን ሙሉ የሚከታተል አንጋፋ ማለት ነው፤ እሱ ያንቺን ክፍል ያያል፣ አንቺ የሱን ታያለሽ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። የካፖርቱ ቀኝ ኪስ በጠመኔ ብዛት ነጥቷል። በሻይ ሰዓት ጥግ ይይዛሉ፤ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ያያሉ፤ ቀልድ ሲነገር ከሰው ዘግየት ብለው ይስቃሉ። ወጣቶቹ «ሽማግሌው ጋ ኔትወርክ ቶሎ አይደርስም» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርኩ።

ክፍላቸው አራተኛ ሐ ነው፤ ወለሉ ጣውላ በሆነው በአሮጌው ሕንጻ። ልጆቹን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከዓመት ዓመት ይዘዋቸው የመጡ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ገብቼ ከኋላ ስቀመጥ የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» የሚል የለም። ልጆቹ የሚያወጡት ጣት ነው፤ ጣቱ ደግሞ ትርጉም አለው። አንድ ጣት «ልውጣ» ነው፣ ሁለት «መልስ አለኝ»፣ ሦስት «አልገባኝም»። ሒሳብ ከሆነ መልሱን ራሱን በጣታቸው ያነሡታል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ዘርግተው ሰባውን ባንድ ጊዜ ያርማሉ። አንድ ልጅ በቃል ሲመልስ ደግሞ ከፊት አግዳሚ ወደምትቀመጠው ወደ ሌንሳ ዞር ብለው «ምን አለ?» ይሏታል፤ እሷ ቃል በቃል ትደግመዋለች። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው «የሰው ቃል መድገም የማይችል ለራሱም ቃል የለውም» አሉኝ። ሌላም ይሉት የነበረ አለ፤ «መልስ አይቸኩልም፣ የሚቸኩለው ሰውየው ነው።»

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ሱሉልታ ላይ ሲጥል ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የሚደፋ ይመስላል፤ ክፍል ውስጥ ጎንሽ ያለው ሰው የሚለው አይሰማሽም። ያኔ መምህሩ መጽሐፉን ይከድናል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ እስኪያባራ ይጠበቃል። ደንብ ሆኖ የተጻፈ ባይሆንም ሁሉም እንደ ደንብ ይዞታል። እኔም ክፍሌን ለክፍል አለቃው ትቼ በረንዳውን ታክኬ ወደ መምህራን ማረፊያ ስሮጥ በአራተኛ ሐ መስኮት አለፍኩ። ቆምኩ። ትምህርት ላይ ናቸው። ጣት ይነሣል፣ ጣት ይወርዳል፣ እሳቸው በአግዳሚዎቹ መሃል እየተመላለሱ ያርማሉ፣ ሌንሳ አፏን ከፍታ ትደግማለች። ሰማዩ እየተቀደደ፣ እነሱ ክፍልፋይ እየደመሩ ነበር። ካፖርቴ እስኪረጥብ ቆሜ አየኋቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ማስተማር አይቼ አላውቅም።

ቅጹ አልበቃኝ ብሎ በላዩ ላይ ስድስት ገጽ ጨምሬ ጻፍኩ። የጣቱን ትርጉም ዘረዘርኩ፤ የሌንሳን መድገም «ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲደማመጡ የሚያደርግ ዘዴ» አልኩት፤ ዝናቡንም አገባሁት። ርዕሰ መምህሩ አቶ ምትኩ አንብበው ከወንበራቸው ተነሡ። «ፍሬሕይወት፣ አንቺ ወርቅ ነሽ! ይሄ እኮ የአካባቢው ትምህርት ቤቶች በሙሉ ሊያዩት የሚገባ ነገር ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ የሙከራ ጊዜዬን አሰብኩ። ወረቀቱ በዚያው ሳምንት ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄደ። ከመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት በኋላ መምህር ዱጉማ ሠላሳ ያህል እንግዳ መምህራን ፊት የሠርቶ ማሳያ ትምህርት እንዲሰጡ ተወሰነ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄው ነው።

ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው። እንደ ልማዴ ከኋላ ተቀምጬ ሳለ ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ አንድ ቁጥር ዘለሉ። «መምህር፣ ይቅርታ፣ ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቁጥር ቀርቷል» አልኩ። አልመለሱልኝም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ሰባው ልጅ ባንድ ጊዜ ዞሮ አየኝ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ አይደለም፣ ፍርሃት ነው። ሌንሳ በእግሯ ጣውላውን ሁለት ጊዜ ደቃች። ያኔ መምህር ዱጉማ ዞሩ፤ መጀመሪያ ሌንሳን፣ ቀጥሎ እኔን አዩና ፈገግ ብለው «አቤት?» አሉኝ።

በዕረፍት ሰዓት ሌንሳ ተከትላኝ መጥታ እጄን ያዘች።

«ቲቸር ፍሬ፣ ፕሊስ ለማንም እንዳትናገሪ። ጆሯቸው አይሰማም። እኛ ነን የምንሰማላቸው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንደኛ ክፍል እያለን ትንሽ ትንሽ ይሰሙ ነበር። አፋችንን እያዩ ይጨምሩበታል። በኮሮና ጊዜ ማስክ ስናደርግ ግን አፋችን ተሸፈነባቸው፤ ያኔ በጣት አደረግነው። እማዬ እንኳን አታውቅም። ከክፍላችን ማንም ተናግሮ አያውቅም።»

ሰባ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ምስጢር ጠብቋል። እኔ ባንድ ሳምንት ስድስት ገጽ አድርጌ አሳልፌ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ አሮጌው ሕንጻ ደረጃ ላይ አገኘኋቸው። ፊቴን አይተው ሁሉን አወቁ፤ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «አፌን በደንብ እያዩ ነው?» አልኩ እንደ ሞኝ። ሳቁ። የጆሮ መሣሪያም ሞክረው ነበር፤ «ጩኸቱን ያመጣልኛል፣ ቃሉን ያስቀርብኛል» አሉኝ። ስለ ወረቀቱ ነገርኳቸው። ስለ እንግዶቹም።

«ከኔ በፊት አንድ ጓደኛዬ ዓይኑ ሲደክም ለክብርህ ነው ብለው ንብረት ክፍል አስቀመጡት» አሉ። «መጥረጊያና ጠመኔ እያስፈረመ ሁለት ዓመት ኖረ። ሰው በገባ ቁጥር ተማሪ እየመሰለው ይነሣ ነበር። እኔ እንደሱ አልሆንም። የምፈልገው እስከ ሰኔ ነው። እነዚህን ልጆች አራተኛን ላስጨርስ። አምስተኛ ሲገቡ በየትምህርቱ ሌላ ሌላ መምህር አላቸው፤ የኔ ሥራ እዚያ ያበቃል። ከዚያ ራሴ ሄጄ ጡረታዬን እጠይቃለሁ።»

«ለአቶ ምትኩ የጻፍኩት ውሸት ነው፣ ከመጽሐፍ ገልብጬው ነው ልበላቸው? ያኔ ፕሮግራሙ ይሰረዛል።»

«አንቺ በሙከራ ላይ ነሽ። ውሸት ጻፍኩ ካልሽ በማግሥቱ ያሰናብቱሻል። እኔ እንድቆይ አንቺ መሄድ የለብሽም፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ።»

እውነቱን ልናገር፤ እምቢ ሲሉኝ ደረቴ ቀለለኝ። አንድ ጊዜ ጠየቅኩ፣ ሁለተኛ አልጠየቅኩም። ሽማግሌ ሲለመን ሦስቴ መሆኑን አላጣሁትም።

ከዚያ በኋላ ያለፉትን ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። እውነቱን ብናገር እሳቸው ከክፍላቸው ይወጣሉ፤ ዋሽቻለሁ ብል እኔ እወጣለሁ፤ ዝም ብል ሠላሳ ሰው ፊት ይቆማሉ። በየትም ብዞር በሩ የተቆለፈ ነው። የቻልኩትን አደረግኩ። አቶ ምትኩ ዘንድ ገብቼ «የእንግዶቹ ጥያቄ በጽሑፍ፣ ያውም መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ልጆቹ እንዳይረበሹ» ብዬ አስፈቀድኩ። መምህር ዱጉማም ከልጆቹ ጋር ተለማመዱ። «በክፍላችን እስከሆነ ያልፋል» አሉኝ። ቦታው፣ መቀመጫው፣ ወለሉ ሁሉ የተለመደ ነውና እኔም አመንኩ።

የዕለቱ ዕለት ጠዋት አቶ ምትኩ አዲስ ክራቫት አስረው መጡና «እንግዳ እዚያ የበሰበሰ ጣውላ ላይ አይቀመጥም፤ ወደ አዲሱ ሕንጻ አዛውረናል» አሉ። አዲሱ ሕንጻ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ሲመቱት እንደ ጣውላ እግር ላይ አይነዝርም። ሌንሳ ገብታ ወለሉን በጫማዋ ጫፍ ነካ አደረገችና ቀና ብላ አየችኝ። እኔ እንግዶች ወደሚቀመጡበት ሄጄ ቅጼን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ።

ለሠላሳ ደቂቃ ያህል እንደዚያ የሚያምር ነገር አልታየም። እንግዶቹ አንገታቸውን እያሰገጉ ጣቱን ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ እርስ በርስ ይጎሻሸማሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። መምህር ዱጉማ የመጨረሻውን መልመጃ ሊጽፉ ወደ ሰሌዳው ዞሩ። ይሄኔ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት የመጡት ሱፐርቫይዘር አድናቆታቸውን መያዝ አቃታቸው። «መምህር፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ መጨረሻ ላይ ተብሏል፣ ግን ይሄን ነገር እንዴት አሰቡት?» አሉ ጮክ ብለው።

መምህር ዱጉማ መጻፋቸውን ቀጠሉ። ሌንሳ ሲሚንቶውን ሁለት ጊዜ ደቃች። ደግማ ደቃች። ከጎኗ ያለው ልጅ ደቃ፣ ከኋላዋ ያሉት ደቁ፣ በመጨረሻ ሰባው ልጅ ባንድ ላይ ወለሉን ይመታ ጀመር። ሱፐርቫይዘሩ የክፍሉ የአክብሮት ሥርዓት መሰላቸው መሰለኝ፣ ሳቅ ብለው ማጨብጨብ ያዙ። እንግዶቹ ተከተሏቸው። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ቀስ ብለው፣ በሚያምር እጅ ጽሑፋቸው አምስተኛውን ጥያቄ ጻፉ። ስድስተኛውን ጀመሩ።

ጭብጨባው አንድ በአንድ ቆመ። የገባቸው መጀመሪያ ቆሙ፣ ያልገባቸው ጎረቤታቸውን አይተው ቆሙ። ተነሥቼ አንድ ነገር ማለት እችል ነበር። ሄጄ ትከሻቸውን መንካት እችል ነበር። የማደርገው ያለኝ ይመስል አንገቴን ደፍቼ ቅጹ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ሌንሳ ናት ሳታስፈቅድ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ሄዳ የካፖርታቸውን ጫፍ የያዘችው። ዞሩ። በአየር ላይ የቀሩትን እጆች አዩ፣ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩ።

«አጨበጨባችሁ?» አሉ።



ክፉ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። ሱፐርቫይዘሩ ውጭ ወጥተው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ። አቶ ምትኩ ሦስት ቀን ሻይ አልጠጡም። በሳምንቱ የመጣው ደብዳቤም ቃሉ የተለሳለሰ ነበር፤ «ለጤንነታቸው ሲባል፣ የረጅም ጊዜ አገልግሎታቸውን ከግምት በማስገባት» ይልና ንብረት ክፍል ይላቸዋል። በዚያው ሳምንት የኔም ደብዳቤ መጣ። ቋሚ ሆኛለሁ። «በክፍል ምልከታ ሥራዋ ላሳየችው ትጋት» የሚል ምስጋናም አለው። አቶ ምትኩ ጠርተውኝ «አራተኛ ሐን አንቺ ትረከቢያለሽ፤ ዘዴውን ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም» አሉኝ። እምቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ሊኖርብኝ ነው። እሺ አልኩ።

ልጆቹ ለኔ ጣት አላወጡልኝም። «ቲቸር! ቲቸር! እኔ!» ሲሉ የትምህርት ቤቱ ማንኛውም ክፍል ሆኑ። ሌንሳ ደብተሯን ሰብስባ ከፊት አግዳሚ ወደ መጨረሻው ሄደች፤ ተመለሺ ብላት «እዚህ ይሻለኛል» አለችኝ። ዝውውር የመጠየቁ ሐሳብ ከዚያ ወዲያ ለምን እንደጠፋኝ አላውቅም። የትም ብሄድ የማስተምረው አራተኛ ሐን ሳይሆን አይቀርም።

መምህር ዱጉማ ንብረት ክፍል ቢገቡም አማካሪነታቸውን የሻረው ደብዳቤ አልነበረም፤ የኔን ክፍል አንድ ጊዜ ማየት ይቀራቸው ነበር። ግንቦት ላይ ቅጻቸውን ይዘው መጡ። ሰባው ልጅ ያለ ትእዛዝ ተነሥቶ ቆመ፤ በእጃቸው አስቀመጧቸውና መጨረሻ ሄደው ከሌንሳ አግዳሚ ጎን ተቀመጡ። አንድ ቃል ሳይሰሙ አርባ ደቂቃ አዩኝ። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ አስተምሬ አላውቅም። ሲወጡ ቅጹን አጥፈው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ጠንካራ ጎን የሚለውን ባዶ ትተው፣ ማንም በማይሞላው ቦታ ሁለት መስመር ጽፈዋል። «በመጨረሻው አግዳሚ ያሉት አራት ልጆች አይሰሙሽም። የሚስቁት ጎረቤታቸው ሲስቅ አይተው ነው።»

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ወደ ንብረት ክፍል ሄድኩ። በመጥረጊያና በተሰበረ ወንበር መሃል ተቀምጠው መዝገብ ያሰምራሉ። ጥላዬን አይተው ተነሡ። ሽማግሌ ይቅርታ ሲጠየቅ አንገት ይደፋል፤ እንደዚያ ነው ያደግነው። አንገቴን ደፍቼ፣ የጫማዬን ጫፍ እያየሁ፣ የያዝኩትን ሁሉ አወጣሁት። ስለ ስድስቱ ገጽ፣ እምቢ ሲሉኝ ደረቴ ስለ መቅለሉ፣ በዚያ ቀን ተነሥቼ ትከሻቸውን ስላለመንካቴ ተናገርኩ። ማቆም እስኪያቅተኝ ተናገርኩ።

«ቀና በይ፣ ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው። «አንድም ቃል አላየሁም።»

ቀና አልኩ። ዓይናቸው አፌ ላይ ነው፤ ይጠብቃሉ። ሁለተኛ ጊዜ ለማለት፣ ያውም ፊታቸውን እያየሁ ለማለት፣ አቅም አጣሁ።

«ጠመኔ ነው» አልኳቸው። «አንድ ፓኮ።»

ከመደርደሪያው አወረዱልኝ፤ መዝገቡን ወደኔ አዙረው የምፈርምበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። ፈርሜ ወጣሁ።